ትሉ ሬሳ ላይ አይቆይም

ሰኞ 3

ዛሬ ሥራ ገባሁ። ሬዲዮ በር ላይ ጠብቆ «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ። ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስድ ስለ መኖው መሻገት፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ አለቃችን አዲስ ጫማ ነገረኝ። ሬዲዮ መጋቢያችን ነው። ለዓሦቹ መኖ ይበትናል፣ ለእኛ ወሬ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሌላ ጊዜ ራሴን ያዞረኛል፤ ዛሬ ግን ባያቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራው ያው ነው። የዓሣ ጫጩት ከማራቢያችን ወጥቶ ለገዢ ከመሄዱ በፊት ከየገንዳው ጥቂት አወጣለሁ፣ እገድላለሁ፣ ስንጥባቸውን ቆርጬ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። እማዬ «ምናቸውን ነው ቀኑን ሙሉ የምታዪው?» ስትለኝ «መተንፈሻቸውን» እላት ነበር። ከጉንጫቸው ክዳን ሥር ያለውን ያን ቀይ ማበጠሪያ መሳይ። የምፈልገው ትል ነው። የመጽሐፍ ስሙ ዳክቲሎጋይረስ፤ ምላሳችን ስለማይታዘዝ እኛ መንጠቆ እንለዋለን። ዝርግ ነው፣ ለዓይን አይሞላም፣ ስንጥቡ ላይ በመንጠቆዎቹ ተሰክቶ ይኖራል። ሲበዛበት ዓሣው ውሃ ውስጥ እያለ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ሦስተኛው ገንዳ ላይ ሞተው ያደሩ ተንሳፍፈው አገኘሁ። እነሱኑ ወሰድኩ። የሞተ እያለ ሌላ መግደል ምን ይሉታል? አየኋቸው። ንጹህ ናቸው።

ማክሰኞ 4

ዛሬም የሞቱትን ወሰድኩ። ንጹህ። ምሳ አልበላሁም፣ ረሳሁት።

ሐሙስ 6

ታናሼ ከባሏ ጋር ጫጩቶቿን ልትወስድ መጣች። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው የቤተሰባችን መሬት ላይ ሁለት ኩሬ ቆፍረዋል፣ በእጃቸው፣ በአካፋ። ባሏን ጭምቱ ነው የምለው። አፉን ለምግብ እንጂ ለሌላ ነገር ሲከፍት አይቼው አላውቅም። ታናሼ የእሱንም ድርሻ ታወራለታለች።

«እትዬ፣ ንጹህ ናቸው አይደል?»

«ንጹህ ናቸው።»

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ አልኩሽ እኮ ሚጣ! ምን ልሁንልሽ፣ ልማልልሽ?»

ሳቀች። «ያለን ነገር ሁሉ እዚያ ኩሬ ውስጥ ነው የገባው፤ እነዚህ ከሞቱ እኛም አለቀልን» አለች፣ ባሏን በክርኗ እየነካች። እሱ ጫማውን አየ።

አልዋሸኋትም። አይቻለሁ።

ጫጩቶቹን ላስቲክ ውስጥ አድርገን ኦክስጅን ስንሞላላቸው ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ፉጨት ሰማሁና ወደ ውጭ ወጣሁ። ሬዲዮ ጨረሰልኝ። ለምን እንደወጣሁ አልጠየቀኝም፤ ለሬዲዮ ትልቅ ነገር ነው።

ቅዳሜ 8

ቤት ዋልኩ። የእማዬን አልጋ አንሶላ አላነሳሁም። መስኮቱን ከፍቼ ዘጋሁት፤ እንደገና ከፈትኩት።

እማዬ የሞተች ቀን ሐኪሙ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው ያናገረኝ። «አሁን የሚተነፍሰው መሣሪያው ነው፣ እሳቸው አይደሉም። ብናነሣው ይሻላል እንላለን፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?» እናንተ አለኝ። ብቻዬን ነበርኩ። ለታናሼ ደወልኩ፣ አታነሣም። በኋላ ስጠይቃት «ኩሬው ጋ ኔትወርክ የለም» አለችኝ። ሐኪሙ ቆሞ ይጠብቀኛል። ራሴን ነቀነቅኩ። ቃል እንኳ ከአፌ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ አላለቀስኩም። ሰዉ «አቤት፣ ጠንካራ ናት» ይላል። ግድግዳም ጠንካራ ነው። ምንም አይሰማኝም። ይህን ለመጻፍ ያህል እጽፈዋለሁ እንጂ መጻፉም ምንም አይሰማኝም።

ማክሰኞ 11

ሬዲዮ፦ «ሦስተኛው ገንዳ ያሉት ዓሦችሽ ምን ሆነዋል? ጎናቸውን ግድግዳው ላይ እያሻሹ ይውላሉ፤ እከክ የያዛቸው ይመስላሉ።»

«ሙቀት ነው» አልኩት።

«እሺ፣ ሙቀት ነው» አለና ሄደ። ወዲያው ተመልሶ «ትናንት እኮ ብርድ ነበር» አለኝ።

የሞቱትን አየሁ። ንጹህ። ንጹህ ከሆኑ ንጹህ ናቸው።

አርብ 14

ታናሼ ደወለች። ጠዋት ጠዋት ዓሦቹ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ አለችኝ። «እንደሚያዛጋ ሰው ናቸው እትዬ፣ ያስፈራሉ።»

መኖ ቀንሱ፣ ውሃ ጨምሩ አልኳት። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚሰጠው መልስ። ስልኩን ስዘጋ እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ደስ ይለኝ ነበር።

እሑድ 16

እነሱ ጋ ሄጄ መጣሁ። ጭምቱ ከላይኛው ምንጭ አዲስ ቦይ እየቆፈረ ነው። ከእነሱ በላይ ወንዙ ዳር ዳክዬ የሚያረባ ሰውዬ አለ፤ በሽታው የመጣው ከዳክዬዎቹ ቆሻሻ ነው ብሎ ደምድሟል። መዳፉ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልሎታል። ጓዳ ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ምን ያደርጋል፣ የቤቱ ግድግዳ ስስ ነው።

«እትዬ ንጹህ ናቸው ብላለች» ትላለች ታናሼ።

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ውሃው ነው እያልኩ ነው እኮ።»

«ቀስ በል፣ ትሰማለች።»

ኩሬው ዳር ቆሜ አየኋቸው። የጉንጫቸው ክዳን ተነፍቶ አልከደን ብሏል። ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም ነበር። ታናሼ አንዷን በሕይወቷ ከነውሃዋ ላስቲክ ውስጥ አድርጋ ሰጠችኝ። «ነገ ቢሮ እዪልኝ።» አውቶቡሱ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዣት መጣሁ። ሳልደርስ ሞተች። ሞታ ሳገኛት ቀለል አለኝ። ይህን ደግሞ ማን ሰው ይጽፋል?

ሰኞ 17

ያችን ዓሣ አየኋት። ንጹህ።

ረቡዕ 19

ይብቃ። ለራሴ እንኳ እውነቱን ልጻፍ።

ትሉ ሬሳ ላይ አይቆይም። ዓሣው ሲሞት ይለቀዋል፣ ወይም አብሮት ሞቶ ይረግፋል። ስለዚህ ነው በሕይወት ያለ ዓሣ አውጥተን፣ ገድለን፣ ትኩሱን የምናየው። ለሬዲዮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አስተምሯል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሞቶ ያደረ ዓሣ ስንጥብ ላይ ትል መፈለግ ሰው ከለቀቀው ቤት በር አንኳኩቶ «ማንም የለም» እንደማለት ነው። እኔ ግን ስንት ቀን አንኳኳሁ።

ከሰዓት በኋላ መርፌዬን ይዤ ገንዳው ጋ ሄድኩ። አንዷን አወጣሁ። ድሮ ስንት ሺህ ገድያለሁ፤ ከራሷ ጀርባ አንድ ጊዜ መውጋት ነው፣ ሬዲዮ ወሬውን ሳይጨርስ ያልቃል። መዳፌ ላይ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ከፈተች። መሣሪያውን ሲያነሡት እማዬም እንደዚህ ነበረች። ሐኪሙ «አይሰማቸውም» አለኝ። አፏ ግን ይከፈታል።

ዓሣዋን ውሃው ውስጥ መለስኳት።

ሐሙስ 20

ሬዲዮን ግደልልኝ አልኩት። «ምነው፣ ዛሬ ሃይማኖት ለወጥሽ እንዴ?» አለና ፊቴን አይቶ ቀልዱን ዋጠው። ገደለልኝ፤ ስንጥቡን እኔ ቆረጥኩ።

ሞልቷል። ትሎቹ በማበጠሪያው ጥርሶች መሃል መሃል ናቸው፣ ይሳባሉ፣ ይኮማተራሉ፣ ራሳቸው ላይ አራት ጥቁር ነጥብ ዓይን አላቸው። ካየኋቸው ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና ለአፍታ ቆንጆ መሰሉኝ። ከዚያ ታናሼ ትዝ አለችኝ።

አለቃዬ ጋ ገባሁ። የሞቱትን ነበር የማየው አልኩት። «ለማን ለማን ሄዷል?» አለኝ።

«ለእህቴ ብቻ።»

«ተመስገን!» አለ። እንደዚህ ነው ያለው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በቃ የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው። ሦስተኛውን ገንዳ እናክማለን፣ ለእሷም መድኃኒቱን ውሰጂላት። ከወንዙ የመጣ ነው በያት፣ ማን ይጠይቅሻል? ሐዘንተኛ ነሽ፣ ራስሽን አታስጨንቂ» አለኝ።

ደግ ሰው ነው። ለክፉ ነገር የሚመክርሽ ደግ ሰው ሲሆን እሺ ማለት ይቀላል። እሺ አልኩት።

ቅዳሜ 22

መድኃኒቱን ወስጄ በውሃ በጥብጠን ሁለቱም ኩሬ ላይ በተንን። ትልቁን ትል ይገድላል፣ እንቁላሉን አይነካም አልኳቸው። እንቁላሉ ከታች ጭቃው ላይ ይተኛል፤ ሲፈለፈል ጠብቀን፣ አዲሶቹ አድገው እንቁላል ሳይጥሉ እንደገና መበተን አለብን። ታናሼ በጥሞና ሰማችኝ። ጭምቱ አካፋውን ይዞ ሄደ። ትሉ ከየት እንደመጣ አልነገርኳቸውም። እነሱም አልጠየቁኝም፤ ያውቃሉና፣ ከዳክዬው ነው።

ስወጣ ታናሼ አንገቴን አቅፋ «አንቺ ባትኖሪልን ምን ይውጠን ነበር?» አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ይል ነበር። እኔ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነው ያሰብኩት።

ማክሰኞ 25

ታናሼ ደወለች፣ ድምጿ ሌላ ነው። ዓሦቹ ተሽሏቸዋል፣ አናት ላይ መውጣት ትተዋል፣ መኖ ይበላሉ። «አዲሱ ቦይ ነው ያዳናቸው ይላል ባሌ። ያው አንቺም ረድተሽናል» አለችኝ።

ያው እኔም።

አርብ 28

ጭምቱ የዳክዬውን ሰውዬ ውሃ መውረጃ በድንጋይ ደፈነበት። የሰውዬው ቅጥር በውሃ ተጥለቀለቀ። ተጣሉ፣ ሰውዬው ዱላ ይዞ መጣ፣ ታናሼ መሃላቸው ገብታ ክንዷ ላይ አረፈባት። አብጧል እንጂ አልተሰበረም አለችኝ። ባሏ «ቆይ፣ ነገ» እያለ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ሁለተኛውን መድኃኒት ይዤ እመጣለሁ» አልኳት።

«ተይው እትዬ። ውሃው ነው የበከላቸው፣ ውሃውን ቀየርን፣ ዳኑ። ደግሞ መድኃኒት ምን ያደርጋል ይላል። እኔም ሳስበው…»

እንቁላሉስ? ልላት ነበር። አላልኳትም። ጭቃ ውስጥ ያለ እንቁላልን በዳክዬ ለሚያምን ሰው በምን ታስረጂዋለሽ? ለማስረዳት ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ። ካልተናገርኩ መድኃኒቱን አይበትኑም፣ ካልበተኑ በሚመጣው ሳምንት የተረፉት ያልቃሉ፣ እስከዚያ ደግሞ ጭምቱና ሰውዬው ሊገዳደሉ ይችላሉ።

ሁሉን አውቀዋለሁ። ተቀምጬ ግድግዳ አያለሁ። አንቺ ሴት፣ ምን ዓይነት ፍጡር ነሽ?

እሑድ 30

በጠዋት ሄድኩ። ትንሿን ማይክሮስኮፕና መድኃኒቱን ይዣለሁ። ታናሼ ኩሬው ዳር አንድ ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ በሌላው መኖ ትበትናለች።

«ሚጣ፣ ተቀመጪ።»

«ምነው? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ትሉ ከዳክዬው አይደለም። ከወንዙም አይደለም። ከእኔ ነው። ታመው ነው ከእኛ የወጡት።»

መጀመሪያ አልገባትም፤ ቀልድ እንደጀመርኩ ሁሉ ፈገግ አለች። «አይቻለሁ አልሽኝ እኮ።»

«የሞቱትን ነው ያየሁት። ትሉ ሬሳ ላይ አይቆይም። ከሞቱት ላይ ማንም ቢያይ አያገኝም።»

«ይህን አታውቂም ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?» አሁን እየጮኸች ነው። «ለምንድን ነው እትዬ? እኔ እኮ ንጹህ ናቸው ወይ ብዬ ለመንኩሽ! የሰውዬው ቤት በውሃ ተሞላ፣ እኔ ተመታሁ፣ ባሌ እጁ ተላጠ!»

«መግደል አቃተኝ» አልኳት። «አፋቸውን ይከፍታሉ።»

ተነሣች። ባሏን ልትጠራ መስሎኝ ነበር። ባልዲ ይዛ መጣች፣ አንድ ዓሣ ውስጡ ይንቦጫረቃል። እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«ግደያት።»

«ሚጣ፣ እባክሽ።»

«ማየት ሥራሽ አይደል? እዪ። እኔም ልይ። ገና አሉ ወይስ የሉም?»

አወጣኋት። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ታናሼ ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሣችም። ወጋኋት። ቆመች። ምንም አልሆነም፣ ሰማዩም አልወደቀም። ስንጥቧን ቆርጬ፣ ጠብታ ውሃ ጨምሬ፣ መስተዋቱ ላይ አደረግኩና አየሁ። ትልልቆቹ የሉም። ትንንሽ፣ ገና አሁን የተፈለፈሉ፣ መያዣ ፍለጋ የሚንከላወሱ አሉ። እንዳልኩት። አሳየኋት።

አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ አየች። «ይንቀሳቀሳሉ» አለች። ራሷን ከማይክሮስኮፑ ላይ ሳታነሣ ቀጠለች፤ «ያን ቀን ስልኩ ሲጮኽ አይቼዋለሁ።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«ኔትወርክ ነበር። ስምሽን አይቻለሁ። ሐኪሙ ምን ሊጠይቅ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ጠዋት ነርሷ ፍንጭ ሰጥታኝ ነበር። እሺ የምለው እኔ እንዳልሆን ብዬ ስልኩን ሣሩ ላይ ጥዬው መቆፈሬን ቀጠልኩ። አንቺ ትያለሽ ብዬ። ሁልጊዜ አንቺ ነሻ።»

ልናደድባት ፈለግኩ፣ ንዴቱ የት እንደገባ ጠፋኝ። «ሦስት ጊዜ ነው የደወልኩት» አልኳት።

«አራት» አለችኝ።

ጎን ለጎን ተቀምጠን ቆየን። ዓሣዋ መሃላችን ሣሩ ላይ ናት። ከዚያ ተነሥተን ለጭምቱ ነገርነው፤ እኔ ጀመርኩ፣ እሷ ጨረሰች። ስለ ስልኩ አልነገረችውም፣ እሱ የእኛ ነው። ሰምቶን የተጠቀለለ መዳፉን አየ፣ ቦዩን አየ። እኔን አላየም። «የሰውዬውስ ቤት?» አለ ብቻ። አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ድንጋዮቹን ሊያነሣ ወደ ላይ ወጣ።

ማክሰኞ 2

ሁለተኛውን በተንን። እንደምሄድ ለአለቃዬ ስነግረው «ነገርሻቸው እንዴ?» አለኝና ራሱን ያዘ። ይያዝ።

ከዓሦቹ ግማሹ እንኳ አልተረፈም። ጭምቱ ዳክዬ አርቢውን ይቅርታ ጠይቆ ቅጥሩን ሲጠርግለት ነው የሰነበተው። እኔን አያናግረኝም። አጠገቡ ቆሜ ለሚስቱ «እህትሽን ጠይቂያት፣ እዚህ ጥግ ላይ ይበቃል?» ይላታል። «ይበቃል በዪው» እላታለሁ። ታናሼ መሃል ቆማ ወዲያና ወዲህ ታስተላልፋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።

እሑድ 7

መረብ ጣልን። ከየኩሬው አወጣሁ፣ ገደልኩ፣ አየሁ። በራሴ እጅ፣ ሁሉንም። ከአንዷ በቀር ንጹህ ናቸው፤ በእሷም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። ለታናሼ እንዳለ ነገርኳት፤ «ንጹህ ናቸው» አላልኳትም። «አንድ አለ። ከአሥር ቀን በኋላ መጥቼ እንደገና አያለሁ።»

«እሺ» አለች። «የተረፉት ግን ይኖራሉ?»

«ይመስለኛል። የተረፉት ይኖራሉ።»

መረቡን ልናወጣ ሦስታችንም ገባን፤ ታናሼ በአንድ እጇ ከአንድ ወገን፣ ጭምቱ ከሌላው፣ እኔ መሃል። ውሃው እስከ ወገቤ ነው። ዓሦቹ እግሬን እየነካኩ ያልፋሉ፣ ጤነኛ ዓሣ እንደሚነካው፣ በጥድፊያ። መረቡን ልስብ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ድካም መስሎኝ ነበር። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፣ አስቀያሚ ድምፅ፣ የእኔ ነው። እማዬን እየጠራሁ ነበር። ኩሬ ውስጥ ቆሜ፣ ንፍጤ እየወረደ፣ እንደ ሕፃን።

ታናሼ መረቧን ለቃ ልትመጣ ስትል ጭምቱ ያዛት።

«ተያት» አላት። «እናቷ የሞተችው ዛሬ ነው።»

መረቡን በእኔም ፋንታ ይዘው ቆመው ጠበቁኝ።